አዎንታዊ ቅጣት፦ ከመቆጣታችሁ በፊት ቁጠሩ

ሐሙስ ገበያው ሲደምቅ፣ ጅማ መርካቶ ጎመን ከሚሸጡት እናቶች አጠገብ ትንሽ ቆም በሉና ፍየሎቹን ተመልከቱ። አንዷ ትጠጋለች። ሻጯ ልምጩን አንስተው ሸንቆጥ ያደርጓታል። ፍየሏ ትሸሻለች፣ ግን ሩቅ አትሄድም። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ ታመሰኳለች፤ ዓይኗ ከልምጩ ላይ አይነቀልም። ከዚያ ደንበኛ ይመጣል፣ "እትዬ፣ ቲማቲሙ ስንት ነው?" ይላል፣ ሻጯ ወደ ሚዛኑ ዞር ይላሉ፣ ያቺ ፍየል ከየት መጣች ሳትባል አንድ እስር ጎመን በአፏ ይዛ እብስ!

ልምጩ ፍየሏን አላስተማራትም እንዳትሉ። በደንብ አስተምሯታል። ትምህርቱ ግን "እትዬ እያዩሽ አትብይ" የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ በባህሪ ሥነ ልቦና አዎንታዊ ቅጣት ስለሚባለው ነገር ነው። በምን እንደሚታወቅ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ ቤት ውስጥ ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚከሽፍ፣ እና ልጅ ያላችሁ ወይም ክፍል ፊት የምትቆሙ ከሆነ ነገ ጠዋት ምን ልታደርጉ እንደምትችሉ እንነጋገራለን። ለፈተና ብላችሁ የምታነቡትም ግቡ፣ ችግር የለም፣ መጨረሻ ላይ መለማመጃ አለ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ

ከድርጊቱ በኋላ የመጣ ነገር አለ ወይስ የሄደ? ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ ወዲህ ድርጊቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? አለቀ። የመጣ ነገር ካለ "አዎንታዊ"፣ የሄደ ካለ "አሉታዊ" ይባላል። የሂሳብ ፕላስና ማይነስ እንጂ ጥሩና መጥፎ ማለት አይደለም። ድርጊቱ ከጨመረ "ማጠናከሪያ"፣ ከቀነሰ "ቅጣት"። እንግዲህ አዎንታዊ ቅጣት ማለት የሆነ ነገር ተጨምሮ ድርጊቱ ሲቀንስ ነው።

ጅማ ተቀምጦ ለዚህ ከዝናብ የተሻለ ምሳሌ መፈለግ ሞኝነት ነው። ጠዋት ፀሐይ ነው ብላችሁ ያለ ዣንጥላ ወጣችሁ። ከሰዓት አጂፕ አካባቢ ዶፉ ያዛችሁና በስብሳችሁ ገባችሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰማዩ ቢጠራም ዣንጥላችሁን ሳትይዙ አትወጡም። ድርጊቱ ያለ ዣንጥላ መውጣት ነው፣ የተጨመረው ውኃው ነው፣ ድርጊቱ ቀነሰ። አዎንታዊ ቅጣት ማለት ይኸው ነው፣ ማንም አልተቆጣችሁም፣ ማንም አልመታችሁም።

አሁን ያው ዝናብ ሌላ ቀን መጣ እንበል። ዣንጥላውን ዘረጋችሁ፣ ውኃው ከላያችሁ ቆመ። ዣንጥላ የመዘርጋት ልማዳችሁ ጠነከረ። ይህ አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው፣ ምክንያቱም አንድ የማይመች ነገር ሄደና ድርጊቱ ጨመረ። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚንሸራተተው እዚህች ጋ ነው፤ "አሉታዊ" የምትለዋን ቃል ሲያይ ቅጣት ይመስለዋል። ድርጊቱ ጨምሮ ከሆነ ቅጣት ሊሆን አይችልም፣ በቃ።

የቀሩት ሁለቱ አያስቸግሩም። የቤት ሥራውን ሲጨርስ ቦምቦሊኖ ተገዛለትና ቶሎ ቶሎ መጨረስ ጀመረ፤ አዎንታዊ ማጠናከሪያ። ጓደኛውን ሲማታ ኳሱ ተወሰደበትና መማታቱ ቀነሰ፤ አሉታዊ ቅጣት። የባጃጅ ሹፌር መቀጮ ሲከፍልም እንደዚሁ አሉታዊ ቅጣት ነው፣ ገንዘቡ ስለሚሄድ። ትራፊኩ መቀጮውን ሲጽፍ ደርቦ ከተቆጣው ደግሞ ቁጣው ተጨማሪ ነገር ነው። ሁለቱም ግን ስማቸውን የሚያገኙት ሹፌሩ ያንን ጥፋት መድገሙን ከቀነሰ ብቻ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ሌላው ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚቆመው። የባህሪ ተመራማሪዎቹ ናታን አዝሪንና ዊሊያም ሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ቅጣት በጻፉት ታዋቂ ምዕራፍ ቅጣትን የተረጎሙት በውጤቱ ነው። ድርጊቱን ተከትሎ በመጣው ነገር ምክንያት ድርጊቱ ወደፊት የመከሰት ዕድሉ ከቀነሰ ቅጣት ነው፣ ካልቀነሰ አይደለም። ማመሙ አይጠየቅም። ማሳፈሩ አይጠየቅም። የቀጪው ሐሳብም አይጠየቅም።

"ቀጣሁት፣ አይሰማም"

በዚህ ትርጉም ስንሄድ "ቀጣሁት፣ ግን አይሰማም" የሚለው ንግግር ራሱን ያፈርሳል። ካልሰማ አልቀጣችሁትም። ሌላ ነገር ነው ያደረጋችሁት፣ ምናልባትም ተቃራኒውን።

ቡና ሲፈላ እንይ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው ወሬው ደርቷል፣ እናትየው ጀበናውን ከከሰሉ አንስታ ልትቀዳ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅ ማንም አያየውም። ብድግ ይልና ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች አንድ በአንድ ማንኳኳት ይጀምራል። "ተው!" ትለዋለች። ያንኳኳል። "ተው አልኩህ አይደለም እንዴ!" አሁን ወሬው ቆመ፣ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ክንዱን ይዛ ቆንጠጥ ስታደርገው ያለቅሳል፣ ከጎረቤቶቹ አንዷ "ኧረ ተዪው፣ ልጅ አይደል" ብላ ወደ ጉያዋ ትስበዋለች፣ እጁ ላይ ፈንዲሻ ታስጨብጠዋለች።

ሂሳቡን ሥሩት። ሲኒ ከመንካቱ በፊት ማንም አላስተዋለውም። ሲነካ የእናቱ ፊት፣ የቤቱ ሁሉ ዓይን፣ ጉያና ፈንዲሻ መጣለት። ቁንጥጫዋ መካከል ላይ አለች፣ እውነት ነው፣ ግን ከጠቅላላው ጥቅል ውስጥ ትንሿ ናት። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ልጁ የት እንደሚገኝ ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። እንዲህ አድርጉት። "ረባሽ ነው"፣ "ባለጌ ነው" የሚለውን ትታችሁ በዓይን የሚታይ ድርጊት ጻፉ፦ "ቡና ሲፈላ ሲኒ ይነካል"፣ "መምህር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ያወራል"፣ "ታናሽ እህቱን ይገፋል"። ብልግና አይቆጠርም፣ መግፋት ይቆጠራል። ከዚያ ምንም ሳትቀይሩ፣ እንደወትሮው እየተቆጣችሁ፣ አንድ ሳምንት ያህል ስንት ጊዜ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ደብተር ጥግ ላይ፣ ስልክ ላይ፣ ግድግዳ ላይ በጠመኔ፣ እንደተመቻችሁ። ከእያንዳንዱ ምልክት ጎን ደግሞ ሁለት ቃል ጨምሩ፦ ከድርጊቱ በፊት ምን እየሆነ ነበር፣ ወዲያው በኋላስ ምን መጣ ወይም ምን ሄደ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አሰልቺ ነው ይላል። ነው። ግን ለዓመታት ያላቋረጠ ጩኸትም ያሰለቻል፣ እሱን ግን ማንም አሰልቺ ነው ብሎ ሲተወው አላየሁም።

ሳይንሱም ሲዋዥቅ ነው የኖረው

ቅጣት ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎቹንም አንድ ቦታ አላስቀመጣቸውም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሳጥን እየዘጋ እንዴት ከፍተው መውጣት እንደሚማሩ ያጠና ሰው ነው። እርካታ ያመጣ ድርጊት ይጸናል፣ ምቾት የነሳ ይዳከማል አለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን የራሱን ሕግ ሁለተኛ ግማሽ ቀነሰው፤ ሽልማት እንደሚያጸና ቅጣት በዚያው ልክ አያዳክምም ወደሚል መጣ።

የባህሪ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው ሙከራ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሳጥን ውስጥ ያለች መጫኛ (በመዳፍ ወደ ታች የምትጫን ትንሽ ዘንግ) እየተጫኑ ምግብ ማግኘት የለመዱ አይጦች አሉ። ምግቡ ተቋረጠ። ከእነሱ ከፊሎቹ ደግሞ መጫኛውን ሲነኩ መጫኛው ራሱ ተስፈንጥሮ መዳፋቸውን ይመታቸዋል፣ ያውም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ። የተመቱት ወዲያው ረገቡ። ምቱ ሲቆም ግን ተመልሰው መጫን ጀመሩ፣ በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ካልተመቱት ጋር እኩል ሆኑ። ቅጣቱ ድርጊቱን አዘገየው እንጂ አላጠፋውም። የስኪነር ተማሪ የነበረው ዊሊያም ኢስቲስም እ.ኤ.አ. በ1944 ወደዚሁ የቀረበ ውጤት አወጣ።

እዚህ ላይ "ቅጣት አይሠራም" ብሎ መዝጋት ደስ ይላል፣ ግን ትክክል አይሆንም። አዝሪንና ሆልዝ ከላይ ባነሳሁት ሥራቸው ቅጣት በጣም ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። ብቻ ቅድመ ሁኔታው ብዙ ነው። ወዲያው መምጣት አለበት። በእያንዳንዱ ጊዜ መምጣት አለበት። ከመጀመሪያው በቂ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ማምለጫ መኖር የለበትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንስሳው ያንኑ ጥቅም የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ሲኖረው ቅጣቱ እጅግ ይሳካል።

የአስፋልቱ ጉብታ

እነዚህን ሁኔታዎች አሟልቶ የሚሠራ ቀጪ በከተማችን ውስጥ አንድ ብቻ አውቃለሁ፣ እሱም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው። ባጃጁ በፍጥነት መጣ፣ ጉብታው ከሥር አነጠረው፣ ተሳፋሪው ጣሪያ ነካ፣ ሹፌሩ ተሰደበ። በቅጽበት። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ጉብታ ዘመድ አያውቅም፣ ዛሬ ደክሞኛል አይልም፣ ትናንት አልፌሃለሁና ዛሬ ሁለት ጊዜ እመታሃለሁም አይልም። ሌላ መንገድም ክፍት ነው፤ ቀስ ብሎ የመጣ ምንም አይነካውም። በዚህ ሁሉ ላይ ግን ውጤቱ እስከ የት ድረስ ነው? እስከ ጉብታው ጫፍ። ሹፌሩ የኋላ ጎማው ገና ሳይወርድ ጋዙን ይሰጠዋል።

አሁን ይህን ከቤታችን ቅጣት ጋር አስተያዩት። "አባትህ ይምጣ ብቻ!" የሚባለውን ውሰዱ። ልጁ ያጠፋው ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ተልኮ መጥቷል፣ ውኃ ቀድቷል፣ እህቱን አጫውቷል። አባትየው ማታ ሲመጡ ሮጦ በሩን ይከፍትላቸዋል፣ ቦርሳቸውን ይቀበላል፣ ቀበቶው የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ሰው አይጥ አይደለምና በንግግር ማገናኘት ይቻላል፣ "ይህ የጠዋቱ ነው" ተብሎ ይነገረዋል። ቢሆንም ቀኑ በረዘመ ቁጥር ግንኙነቱ ይላላል፣ ትንሹ ልጅ ዘንድ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። አባት በር ላይ ሲመጡ መደበቅን ግን በደንብ ይማራል።

በእያንዳንዱ ጊዜ የሚለውስ? እኛ የምንቆጣው ድርጊቱ ሲፈጸም ሳይሆን ሲሰለቸን ነው። ዛሬ ስቀን ያለፍነውን ነገ እንገርፍበታለን። ልጁ ጥፋቱን ማንበብ ይተውና የእኛን ፊት ማንበብ ይጀምራል።

ጉልበቱ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ቤት ውስጥ ቅጣት የሚያድገው በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ማፍጠጥ፣ ቀጥሎ "ተው"፣ ቀጥሎ ጩኸት፣ ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ ጆሮ ጥምዘዛ፣ አርጩሜ። በቤተ ሙከራ የታየው ደግሞ ቀስ በቀስ የሚጨምር ቅጣት እንስሳውን እንደሚያላምደው ነው። በአንዴ ቢመጣ ያስቆመው የነበረው መጠን በደረጃ ሲመጣ ምንም አይመስለውም። "ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" እንደሚባለው መሆኑ ነው፣ ሌላውን ወገን ስታዩት ሁልጊዜ የሚቆጡት ልጅ ዓይኑንም አያርገበግብ።

ታዲያ ከመጀመሪያው ጠንክረን እንምታ? የለም። የቤተ ሙከራው መልስ "ከመነሻው አጠንክር" ነው፣ ያንን ወደ ሳሎን ስታመጡት ትርጉሙ ልጅ መጉዳት ይሆናል። ለስላሳው አይሠራም፣ የሚሠራው ይጎዳል። እኔ ከዚህ የማወጣው ድምዳሜ አዎንታዊ ቅጣት በተለይም ዱላው ለቤት የሚሆን መሣሪያ አለመሆኑን ነው። በርበሬ ማጠን፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ የመሳሰሉት ላይ ክርክር ውስጥም አልገባም፤ የልጅን ሳንባ ማቃጠል ማሳደግ አይባልም። ሕጉም ዝም አላለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መምህራን፣ ይህ እናንተን ነው።

ቅጣቱ ሌላ ምን ያመጣል

ሲኒ ተሰበረ እንበል። ሲኒ ሲሰበር ጥፊ የሚመጣበት ቤት ከሆነ፣ ሲኒ መስበር ላይቀንስ ይችላል፣ ሲኒ በስህተት ነውና የሚሰበረው። የሚጨምረው ሌላ ነው። ስብርባሪውን አመድ ውስጥ መቅበር፣ "ድመት ናት" ማለት፣ ታናሹ ላይ ማላከክ። እነዚህ ሁሉ ጥፊውን ስለሚያስቀሩ በራሳቸው ይጠናከራሉ። ውሸት እንዴት እንደሚሠለጥን የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም።

ሕመም ጠብም ይወልዳል። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪና አዝሪን እ.ኤ.አ. በ1962 ጥንድ ጥንድ አድርገው በአንድ ሳጥን ያስቀመጧቸው አይጦች እግራቸው ሥር ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ዞረው እርስ በርስ ይደባደቡ ጀመር፣ ምንም ያልበደላቸው ጎረቤታቸው ላይ። የአልበርት ባንዱራ የ1961 ሙከራ ደግሞ ሌላውን በር ያሳያል፤ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች ያ ሰው በሌለበት ያንኑ ደገሙት፣ አመታቱን ሳይቀር። "አትማታ!" እያሉ መምታት ምን እንደሚያስተምር ከዚህ መገመት ነው።

ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሪው ግሮጋን-ኬይለር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ160,000 በላይ ልጆችን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ልጅን በእጅ መምታት ከተሻለ ሥነ ምግባር ጋር አልተያያዘም፤ ከጠበኝነት፣ ከአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር ካለ የሻከረ ግንኙነት ጋር ግን ተያይዞ አገኙት። እርግጥ እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን ያሳያል እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ብቻውን አይፈርድም። ዱላው ጥቅም አመጣ የሚል ሰው ማስረጃውን ማምጣት ያለበት ግን እሱ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን እንጮሃለን? መልሱ ከላይ በዝናቡ ምሳሌ ውስጥ አለ። ቤቱ ይረበሻል፣ እናት ትጮሃለች፣ ወዲያው ዝም ይላል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ፣ ግን ዝም ይላል። ለእናትየው የሚረብሻት ድምፅ ሄደ፣ መጮህ ተጠናከረ። ጩኸቱ ልጁን ሳያስተምር እሷን አስተማረ። ዣንጥላ መዘርጋት ማለት ነው። ስለዚህ "እኔ ትዕግሥት የለኝም" እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ወጥመዱ ሁላችንንም የሚይዝ ነው፣ መውጫውም ቁጥሩን ማየት ነው። አንድ ሳምንት ምልክት ስታደርጉ ጩኸቱ የዛሬውን እንጂ የነገውን እንዳልቀነሰ ወረቀቱ ላይ ታዩታላችሁ።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

ወረቀቱን አውጡና "በኋላ ምን መጣ" የምትለዋን ጎን አንብቡ። ልጁ በድርጊቱ የሚያገኘው ምንድን ነው? ትኩረት ነው? ከሥራ ማምለጥ ነው? ዕቃ ነው? ወይስ ድርጊቱ ራሱ ደስ ይለዋል? ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ ስጡት። ሲኒ የሚያንኳኳው ልጅ ትኩረት ከሆነ የሚፈልገው፣ ቡናው ከመጀመሩ በፊት ሥራ ስጡት። ፈንዲሻውን ለእንግዶች ያዙር፣ ሲኒዎቹን ሳይሆን ሰሃኑን ይያዝ። "ጎበዝ፣ ለእማማ ስጣቸው" ሲባል የቤቱ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ዓይኑን አገኘ፣ ሲኒውን ምን ያደርግለታል? ከዚህ በኋላ ሲኒ ቢነካ ወሬውን ሳታቋርጡ ሲኒውን ከእጁ ወስዳችሁ ማስቀመጥ ብቻ። መጀመሪያ ሰሞን ሊብስበት እንደሚችል ግን ከወዲሁ እወቁ። የለመደው ሲቀርበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አጥብቆ ይሞክራል፤ እዚያች ጋ ከተሸነፋችሁ የባሰውን አስተማራችሁት ማለት ነው።

መቆጣት ካለባችሁ፣ አንዳንዴ ያስፈልጋል፣ ወደ መንገድ ሲሮጥ ወይ ምድጃ ሊነካ ሲል ሌላ ምርጫ የለም፣ እንዲህ ይሁን፦ ቅርብ ሂዱ፣ ዝቅ በሉ፣ ዓይኑን እያያችሁ፣ አጭር። "ምድጃ አይነካም። እዚህ ተቀመጥ።" ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች፣ ምክንያቱም ምን ማድረግ እንዳለበት የምትናገረው እሷ ናት። ከተቀመጠ በኋላ ዝም አትበሉ፣ "ጥሩ አደረግህ" በሉት። የሰፈሩን ታሪክ ሁሉ እያመጣችሁ፣ አጎቱን እየጠራችሁ የሩብ ሰዓት ስብከት ማድረግ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ የሚሰማው የለም።

መምህራን፣ ለእናንተ ደስ የሚል ነገር አለኝ። ዳንኤል ኦሊሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁጣ አወዳደሩ፦ ሁሉም ተማሪ የሚሰማውና የሚመለከተው ልጅ ብቻ የሚሰማው። ረብሻውን በአብዛኞቹ ልጆች ላይ የቀነሰው ዝቅ ያለው ነው። ከሰሌዳው ሆኖ "አንተ ከኋላ ያለኸው!" ብሎ መጮህ ለልጁ ሃምሳና ስልሳ ተመልካች በነፃ መስጠት ነው። ጠመኔውን አስቀምጡ፣ በወንበሮቹ መካከል እለፉ፣ ጆሮው ጋ ጎንበስ ብላችሁ ንገሩት።

ጥፋቱ የሚጠገን ከሆነ ይጠግነው። ክረምት ነው፣ ጅማ ነው፣ ጭቃው ቀልድ አያውቅም። ልጅቷ በጭቃ ጫማ አሁን የተወለወለው ሳሎን ገባች። መወልወያው ይሰጣት፣ የረገጠችውን ትወልውል፣ በረንዳውንም ትጨምር። ሪቻርድ ፎክስና አዝሪን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያጠኑት መንገድ ይህን ይመስላል፤ ያበላሸውን ማስተካከል፣ ከዚያም ትንሽ አልፎ። በትክክለኛው ትርጉም ይህም አዎንታዊ ቅጣት ነው፣ ሥራ ተጨምሯልና። ልዩነቱ ሥራው ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ መሆኑና ልጅቷ በመጨረሻ አንድ ነገር መቻሏ ነው። ስድብ ከተጨመረበት ግን ተበላሸ።

እንድትወዱላቸው የምትፈልጉትን ነገር ቅጣት አታድርጉት። "አጥፍተሃል፣ ሂድና አጥና!"፣ "መቶ ጊዜ ጻፍ!" የሚባለው ልጁን ከጥፋቱ አይለየውም፣ ከደብተሩ ነው የሚለየው።

"ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" የሚለውን ብዙ ጊዜ በእልህ እንለዋለን እንጂ ጥሩ ዘዴም አለበት። ደብተሩን በላስቲክ ሳይጠቀልል ወጥቶ ቢርስበት፣ እርጥቡን ደብተር ራሱ ፀሐይ ላይ ያስጣው፣ የደበዘዘውን ራሱ ይገልብጥ። እናንተ አትቆጡ፣ ዝናቡ ተቆጥቶታል። መከራው ግን የሚመክር እንጂ የሚጎዳ መሆን የለበትም። የጋለ ጀበናና አስፋልት ላይ ይህ አይሠራም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ከወረደ ቀጥሉ። ካልወረደ ያደረጋችሁት ነገር፣ ደግነትም ቢሆን፣ እየሠራ አይደለም፣ ቀይሩት። ልጁ ራሱን የሚነክስ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ የሚያጋጭ ወይም ሌላ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ዝጉትና ባለሙያ ጋ ሂዱ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

መለማመጃ

መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ መጣ ወይስ ሄደ፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ።

የግቢው ውሻ ሌሊት ሲጮህ ውኃ ተረጨበት፣ ከዚያ ወዲህ መጮሁ ቀነሰ። አዎንታዊ ቅጣት። ቀላል ነው።

ተማሪው ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ሲያወራ መምህሩ ከክፍል አስወጣው። ወሬው በየቀኑ ባሰበት። መምህሩ "እየቀጣሁት ነው" ይላል። አይደለም። ልጁ የሚጠላው ሂሳብ ሄደለት፣ ወሬው ጨመረ፤ አሉታዊ ማጠናከሪያ።

ልጅቷ የተሰጣውን ቡና በእግሯ በተነችው። የተበተነውን ለቅማ እንድትመልስ ተደረገ፣ ዳግመኛ ስትሮጥ ስጡን ትዞረው ጀመር። አዎንታዊ ቅጣት፣ የጥገናው ዓይነት።

የመጨረሻዋ ታስቸግራለች። የባጃጅ ሹፌሩ እየነዳ ስልኩን ሲነካካ፣ ከኋላ የተቀመጠች ተሳፋሪ "ወንድሜ፣ ልትገድለን ነው እንዴ!" ብላ ጮኸችበት። ወዲያው ስልኩን አስቀመጠ። በማግስቱ እሷንም ሌላውንም ጭኖ ሲሄድ እንደ ድሮው ይነካካል። ተቀጥቷል? አልተቀጣም፣ ድርጊቱ ለዚያች ደቂቃ ቆመ እንጂ አልቀነሰም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተማረችው ተሳፋሪዋ ናት። ስትጮህ ፍርሃቷ ሄደላት፤ ነገም ትጮሃለች።